ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ማሳል

በማደንዘዣ ሐኪምነት ሥራ በጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ በካንሰር የተያዘው የግራ ሳንባቸው የታችኛው ክፍል ተቆርጦ የወጣላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። በማግስቱ ጠዋት ልጠይቃቸው ስሄድ ነርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ የሞሉት የሕመም መለኪያ፣ ከ0 እስከ 10 ባለው መስፈርት፣ ከ1 አላለፈም ነበር። «እንዴት አደሩ አባቴ?» ብላቸው አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ በለሆሳስ «ደኅና ነኝ፤ ምንም አላመመኝም» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ «ሕመሙ በቁጥጥር ሥር ነው» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ታካሚ አለፍኩ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። ራጅ ሲነሡ፣ ቢላ ያልነካው የቀኝ ሳንባቸው የታችኛው ክፍል ተኮማትሮ፣ አክታ ተጠራቅሞበት የሳንባ ምች እንደጀመረው ታየ። በአምስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ተብለው የነበሩት ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ አልጋ ላይ ቆዩ።

ያ ታካሚ ሕመም ያልተሰማቸው እንደ እንጨት ደርቀው ስለተኙ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። በጥልቀት ቢተነፍሱ እንደሚያማቸው ስላወቁ አልተነፈሱም፤ ቢያስሉ እንደሚያማቸው ስላወቁ ሳላቸውን ዋጡት። መዝገቡ የተጠየቀውን መልሷል፤ እኔ ግን «እስቲ አንድ ጊዜ ያስሉልኝ» ብዬ አልጠየቅኋቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና የምሰጠውን የነርቭ ማደንዘዣ፣ እኛ ባለሙያዎች በአጭሩ «ብሎክ» የምንለውን፣ የምመዝነው ታካሚው ተኝቶ በሚሰጠኝ ቁጥር አይደለም። በማግስቱ ተቀምጦ ማሳል ይችላል ወይ? ይህ ጽሑፍም ስለዚሁ ነው።

የደረት ቁስል ከሌላው ቁስል የሚለይበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሊያርፍ አይችልም። የተሰበረ እግር በጀሶ ታስሮ ይቀመጣል፤ ደረት ግን በቀን ወደ 20,000 ጊዜ ይነሣል፣ ይወርዳል። ከእያንዳንዱ የጎድን አጥንት በታችኛው ጠርዝ ሥር ባለች ቦይ ውስጥ ደም መላሽ ሥር፣ ደም ወሳጅ ሥርና ነርቭ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ደረት በሰፊው ተከፍቶ ጎድን አጥንቶቹ በብረት መለያያ ሲራራቁ ይህ ነርቭ ይጨፈለቃል፣ ይለጠጣል፣ አንዳንዴም አጥንቱ ራሱ ይሰነጠቃል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እየተስፋፋ የመጣው በካሜራ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ጎድን አጥንቶችን ስለማያራርቅ ጉዳቱን በእጅጉ ቀንሶታል። ያም ሆኖ መሣሪያው የሚገባባት ቀዳዳ የምትገኘው በሁለት ጎድን አጥንቶች መካከል ስለሆነች፣ ነርቩ ከአጥንትና ከብረት መካከል መጣበቡ አይቀርም። በመጨረሻም በዚያችው ጠባብ ክፍተት አየርና ፈሳሽ የሚያስወጣው የደረት ቱቦ ይገባና ታካሚው በተነፈሰ ቁጥር ይፈትገዋል። ብዙ ታካሚዎች «የቀደዳችሁት ቦታ ሳይሆን ቱቦው ነው የገደለኝ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕመሙ ትንፋሽን ያሳጥራል። ያጠረ ትንፋሽ ወደ ሳንባው የታችኛው ክፍል ስለማይደርስ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ይዘጋሉ፤ በተዘጋው ክፍል አክታ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው አክታ ደግሞ ለጀርም መራቢያ ይሆናል። ይህ በማንኛውም ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል። የሳንባ ካንሰር ታካሚ ግን ከሳንባው አንዱ ክፍል ወጥቶለታል፤ ብዙዎቹም ለዓመታት ሲያጨሱ ስለኖሩ የቀረው ሳንባ ራሱ የደከመ ነው፤ አክታቸውም ከሌላው ሰው ይበዛል። መጠባበቂያ ትንፋሽ የሌለው ሰው ሳልን በአንድ ቀን መነጠቁ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው።

ለዚህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ የነበረን ዋና መልስ ሞርፊንና ዘመዶቹ ነበሩ። ሞርፊንን የሚያጥላላ ሰው ስሰማ ደስ አይለኝም፤ ዛሬም ቢሆን ለታካሚዎቼ በእጄ ከሌለ ሥራ አልጀምርም። ነገር ግን ሞርፊን ተኝቶ የሚሰማን ሕመም ያስታግሣል እንጂ በሚያስሉበት ጊዜ ብልጭ የሚለውን ሕመም በሚገባ አይዝም። እስኪይዝ ድረስ መጠኑን ከጨመርን ደግሞ ታካሚው ያንቀላፋል፣ ትንፋሹ ይዘገያል፣ የማሳል ፍላጎቱ ራሱ ይደበዝዛል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ሆዱ ይደርቃል። ታካሚውን ከአልጋ ለማስነሣት የሰጠነው መድኃኒት መልሶ አልጋ ላይ ያስተኛዋል ማለት ነው። ብሎክ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በመንገዱ ላይ ይቆርጠዋል፣ ታካሚው ግን ነቅቶ ይቀራል።

ለብዙ አሠርት ዓመታት ለደረት ቀዶ ሕክምና ከሁሉ የላቀ ዘዴ ተደርጎ የሚታየው ኤፒዱራል ነበር፤ በጀርባ በኩል ቀጭን ቱቦ ከኅብለ ሰረሰር ሽፋን ውጪ ባለው ክፍተት ውስጥ ማስገባት ማለት ነው። በሚገባ ሲሠራ ከእሱ የሚበልጥ ጥቂት ነው፤ ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። ችግሩ የሚያደነዝዘው በሁለቱም ጎን መሆኑ ነው፤ የተቆረጠው ግን አንዱ ጎን ብቻ ነው። በሁለቱም በኩል የደም ሥሮችን የሚቆጣጠሩት ነርቮች አብረው ስለሚደነዝዙ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሽንት ሊታገድ ስለሚችል ካቴተር፣ ማለትም የሽንት ማስወጫ ቱቦ፣ ያስፈልጋል፤ ሞርፊን መሰል መድኃኒት ከተጨመረበት ሰውነትን ያሳክካል። ግፊቱ ወርዶ ራሱን የሚያዞረውን፣ በአንድ እጁ የሽንት ከረጢት በሌላው የደረት ቱቦ የተሸከመን ሰው «ይነሡና ይራመዱ» ማለት ይቀላል፤ መራመዱ ነው የሚያስቸግረው።

ፓራቨርተብራል ብሎክ የሚባለው ዘዴ መድኃኒቱን የሚያኖረው ነርቩ ከአከርካሪ አጥንቱ መካከል ወጥቶ ወደ ጎድን አጥንቱ ከመሄዱ በፊት በሚያልፍባት ሦስት ማዕዘን ክፍተት ውስጥ፣ በአንድ ጎን ብቻ ነው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ጀርመናዊው ሁጎ ዜልሃይም እ.ኤ.አ. በ1905 ሠርቶት ነበር። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆይቶ በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደገና ትኩረት አገኘ። በ2016 የወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ፣ ደረታቸው በሰፊው ለተከፈተ ታካሚዎች ሁለቱን ዘዴዎች አነጻጽሮ፣ ሕመምን በማስታገሥ ረገድ ተቀራራቢ መሆናቸውን፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማሳከክና የሽንት መታገድ ግን በፓራቨርተብራሉ እንደሚያንሱ አሳይቷል። እኔ ኤፒዱራልን ለመተው ከዚህ የበለጠ ምክንያት አልፈለግሁም፤ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ግን እስከ ዛሬ አይስማሙኝም። ደረቱ በሰፊው ተከፍቶ ጎድን አጥንት ለሚቆረጥለት ታካሚ ክርክራቸው ሚዛን አለው። በካሜራ ለሚደረገው ቀዶ ሕክምና ግን ጥያቄው ያለቀ ይመስለኛል፤ ፕሮስፔክት የተባለው የባለሙያዎች ቡድን ያወጣው ምክር ፓራቨርተብራልን ወይም ኢሬክተር ስፓይኔን ያስቀድማል፣ ሴራተስን በሁለተኛ ደረጃ ያስቀምጣል፤ ኤፒዱራልን አይመክርም።

ስለነዚህ ሁለት ስሞች ትንሽ ልበል። ሴራተስ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ኢሬክተር ስፓይኔ ደግሞ በ2016 ነው በሕክምና መጽሔት የተገለጡት። ሁለቱም መድኃኒቱን ከነርቩ ሥር ሳይሆን በጡንቻዎች መካከል ባለ ስስ ንጣፍ ላይ ዘርግተው እየሰረገ ወደ ነርቩ እንዲደርስ ይተዉታል። ኢሬክተር ስፓይኔ የሚሰጠው ከአከርካሪው አጥንት ወደ ጎን ከሚወጣው የአጥንት ክንፍ ላይ ስለሆነ መርፌው የሚያርፍበት ጠንካራ መድረሻ አለው፤ ከሳንባ ሽፋንም ሆነ ከኅብለ ሰረሰር ይርቃል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ታካሚ፣ ጥልቁን ፓራቨርተብራል ለመሥራት በምፈራበት ጊዜ የምመርጠው እሱን ነው። ድክመቱ ደግሞ እንደ ዝናው የሚታመን አለመሆኑ ነው፤ መድኃኒቱ በአንዱ ሰው ወደ ነርቩ ጠልቆ ይገባል፣ በሌላው ከጀርባ ቆዳ በስተቀር የረባ ነገር አያደነዝዝም። ቀላል ስለሆነ ብቻ ሁልጊዜ እሱን የሚመርጡ ሰዎች ለማሠልጠን ስለሚመች እንጂ ለታካሚው ብለው እንዳልሆነ አንዳንዴ እጠረጥራለሁ።

ፓራቨርተብራሉን ስሠራ አልትራሳውንዱን ከጀርባ፣ በ5ኛው የደረት አከርካሪ ግድም አሳርፋለሁ። በስክሪኑ ላይ የአጥንቱ ክንፍ ጥቁር ጥላ ጥሎ ይታያል፤ ከሥሩ ደግሞ ሳንባን የሚሸፍነው ፕሊዩራ እንደሚያብለጨልጭ መስመር ከትንፋሹ ጋር ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። መርፌዋ ጫፏ ሳይጠፋኝ እስከዚያ ክፍተት ትደርሳለች፤ መድኃኒቱ ሲገባ ያ የሚያብለጨልጭ መስመር ወደ ታች እየተገፋ ዝቅ ይላል። ያቺን መውረድ ሳላይ ሥራው ተሳክቷል ብዬ አላምንም። ቀዶ ሐኪሙም በበኩሉ ደረቱ ውስጥ ሆኖ፣ በካሜራ እያየ፣ በየጎድን አጥንቱ መካከል መድኃኒት ሊወጋ ይችላል፤ እኔ በጀርባ ከምሠራው ፈጣን ነው፣ ግን ቶሎ ያልቃል፤ መድኃኒቱም ከዚያ ቦታ ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖ ነው።

ለዚህም ነው ከመጀመራችን በፊት ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ስሌት የምንሠራው። ሮፒቫኬይን ለሚባለው ማደንዘዣ ብዙዎቻችን የምንይዘው ጣሪያ በኪሎ 3 ሚሊግራም ግድም ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ 150 ሚሊግራም መሆኑ ነው። 0.5 በመቶ ከሆነው ፈሳሽ 20 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም ይዟል። እኔ ይህን ከጀርባ ሰጥቼ፣ ቀዶ ሐኪሙ ሳይነግረኝ በየቀዳዳው ሌላ 20 ሚሊ ሊትር ቢጨምር ጣሪያውን አልፈነዋል። ነቅቶ ያለ ሰው ከንፈሩ ሲደነዝዝ፣ ጆሮው ሲጮህ ይናገራል፤ የተኛ ሰው ግን አይናገርም፤ የመጀመሪያው ምልክት የልብ ምት መዛባት ሊሆን ይችላል። ለዚህ የማደንዘዣ መመረዝ የሚሰጠው 20 በመቶ የሆነ የስብ ፈሳሽ በክፍሉ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ሳላይ መርፌ አላነሣም።

ብሎኩ የማይደርስበት ቦታም አለ፤ ይህን ለታካሚው አስቀድሞ አለመንገር ትልቅ ጥፋት ነው። አንዲት ታካሚ ከቀዶ ሕክምናው ከነቁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በተቆጣ ዓይን እያዩኝ «ዶክተር፣ የቀደዳችሁት ደረቴን ነው ወይስ ትከሻዬን?» አሉኝ። ደረታቸውን ስነካው አይሰማቸውም፤ በቀዶ ሕክምናው በኩል ያለው ትከሻቸው ግን እንደሚቆረጥ ያማቸዋል። ድያፍራምን፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚነሣው ከአንገት፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው የአንገት ነርቭ ሥር ነው። የድያፍራሙና የአካባቢው ሽፋን ሲቆጣ ሕመሙ የሚሰማው በዚያው በአንገት ነርቮች ግዛት፣ በትከሻ ላይ ነው። በደረት ከፍታ የምንሰጠው ብሎክ፣ ምንም ያህል ቢዋጣለት፣ ወደዚያ አይደርስም። ፓራሲታሞልና፣ ኩላሊታቸውና ሆድ ዕቃቸው ለሚፈቅድላቸው፣ አይቡፕሮፌንን የመሰሉ መድኃኒቶች ግን ያለዝቡታል፤ በአብዛኛውም በሁለት በሦስት ቀን ይተዋል። ያቺ ሴት ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ሐኪሞቹ ሌላ ቦታ ጎድተውኛል ብለው ያን ሁሉ ሰዓት አይሠጉም ነበር።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር ብሎኩ የሚለቅበት ሰዓት ነው። አንዴ ተሰጥቶ የሚተው ብሎክ እንደ መድኃኒቱና እንደ ሰውየው ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን አካባቢ ይቆያል። ጠዋት ከተሰጠ የሚለቀው በውድቅት ሌሊት ነው፤ ያኔ በክፍሉ ያለችው ነርስ አንዲት ልትሆን ትችላለች፣ ሐኪሙም ሌላ ቦታ ነው። እስከዚያ ምንም ሳይሰማው የቆየ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉው ሕመም ይወርድበታል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት «አሁን አላመመውም» ተብሎ ፓራሲታሞሉን መዝለል ነው። እኔ ብሎኩ በሚገባ እየሠራም ቢሆን ፓራሲታሞሉ በየ6 ሰዓቱ እንዲሰጥ፣ ለሌሊቱም አነስተኛ መጠን ያለው ሞርፊን መሰል ክኒን በእጅ እንዲኖር አዝዤ ነው የምሄደው። ቀጭን ቱቦ በብሎኩ ቦታ ትቶ መድኃኒቱን ለሁለት ሦስት ቀን ማንጠባጠብም ይቻላል፤ ሰፊ ቁስል ላለው ሰው ይህን እመርጣለሁ፤ ቱቦው ግን ይንሸራተታል፣ ያፈስሳል፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚያየው ሰው ካልተገኘም ከጌጥነት አያልፍም።

ሕመም የጠፋበት ጊዜ መስኮት ነው፤ በዚያ መስኮት ካልተጠቀሙበት ይዘጋል። የአውሮፓ የደረት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርና ኢራስ የተባለው ማኅበር በ2019 ከሳንባ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለፈጣን ማገገም ያወጡት መመሪያ 45 ነጥቦች አሉት፤ ብሎክ የሚነሣው ከነዚያ መካከል በጥቂቱ ብቻ ነው። ታካሚው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ማጨስ እንዲያቆም፣ ማደንዘዣ ከመጀመሩ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ንጹሕ ፈሳሽ እንዲጠጣ፣ ከሁለት ይልቅ አንድ የደረት ቱቦ እንዲገባለት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ከአልጋ እንዲነሣ ይላል። ከሁሉ ያስገረመኝ ስለ ደረት ቱቦው የሚለው ነው፤ አየር ማስወጣቱን ካቆመ፣ የሚወጣው ፈሳሽ ንጹሕ ሆኖ በቀን እስከ 450 ሚሊ ሊትር ቢደርስም እንኳ ሊወጣ ይችላል። እኔ ስማር ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን ነበር ቱቦው የሚቆየው። ቱቦው በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ የታካሚው ፊት ሲለወጥና ትንፋሹ ሲረዝም ላየ ሰው፣ አንድ ቀን ቀድሞ ቱቦ ማውጣት ከብዙ መርፌ እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። ማደንዘዣ ሐኪም ሆኜ ይህን መናገሬ ለሙያዬ የሚያደላ አይደለም፤ እውነት ግን ነው።

ፊዚዮቴራፒስቶችም በትክክለኛው ሰዓት መምጣት አለባቸው። አንድ ወቅት በምሠራበት ቦታ ፊዚዮቴራፒስቱ የሚመጣው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ብሎኩ የሚለቀው ግን በመጀመሪያው ሌሊት። ከአንድ ዓመት በላይ ሁለታችንም ሥራችንን በሚገባ እየሠራን ተላልፈን ነበር። ሰዓቱን ወደ ቀዶ ሕክምናው ዕለት ምሽት ለማምጣት የወሰደብን አንድ የሻይ ሰዓት ውይይት ብቻ ነው።

ብሎክ የካንሰሩን መመለስ ይከለክላል ስለሚባለው ተስፋ ደግሞ ታካሚዎች ይጠይቁኛል። ሐሳቡ መሠረት ነበረው፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስከትለው የሰውነት ድንጋጤና ሞርፊን መሰል መድኃኒቶች የመከላከል አቅምን ያዳክሙ ይሆናል ከሚል የመነጨ ነው። ነገር ግን በጡት ካንሰር ላይ ከ2,000 በላይ ሴቶችን አሳትፎ ውጤቱ በ2019 የታተመው ትልቅ ጥናት በመመለስ ረገድ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ብሎክን የምሰጠው ለሳሉ ነው ብዬ እመልሳለሁ። ቁስሉ ከዳነ ከሦስት ወር በኋላም የሚቀጥል የማቃጠል ወይም ልብስ ሲነካው የሚቆጠቁጥ ሕመም ያለበት ሰው ግን «ካንሰሩ ከወጣልኝ ይህን ልቻለው» ብሎ ዝም እንዳይል እለምናለሁ። የነርቭ ሕመም ነው፤ ከተለመደው ማስታገሻ የተለየ የራሱ መድኃኒት አለው።

ባለፈው ወር በካሜራ የቀኝ ሳንባቸው የላይኛው ክፍል የወጣላቸውን አንድ አባት በማግስቱ ጠዋት ልጠይቃቸው ሄድኩ። የሕመም መለኪያቸው ላይ 3 ተጽፏል፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ታካሚዬ ይበልጣል። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ትራስ ደረታቸው ላይ አቅፈው አገኘኋቸው። «እስቲ አንድ ጊዜ ያስሉልኝ» አልኳቸው። ትራሱን አጥብቀው ያዙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከሆዳቸው ሥር የሚመጣ ከባድ ሳል አሳሉና ወፍራም አክታ በወረቀት ተቀበሉ። ፊታቸው ትንሽ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማደደ፤ ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው «አመመኝ፤ ግን ይቻላል» አሉ። የቱቦውን ሣጥን በእጃቸው አንጠልጥለው ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ ነርሷ ከኋላቸው ተከተለቻቸው፤ እኔም መዝገቡ ላይ ከ3ቱ አጠገብ «ያስላል» ብዬ ጻፍኩ።